ፍሪጅን ከውሃ መስመር ጋር ማገናኘት፤ ሥራው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

በሩ ላይ ውሃ የሚቀዳ፣ በረዶም ራሱ የሚሠራ ፍሪጅ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቱቦው ነው፤ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። ቱቦው ግን ቀላሉ ነገር ነው። ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ የውሃው ግፊት፣ ሌላው አዲሱ መስመር ከቤቱ ቧንቧ ጋር የሚቀጠልበት ቦታ። ሁለቱ ከተስተካከሉ የቀረው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መጀመሪያ የፍሪጁን ጀርባ ይመልከቱ። ከታች በኩል ጥርስ ያለው ትንሽ መግቢያ ወይም ተጠቅልሎ የታሰረ ቀጭን ቱቦ ካለ መስመር ይቀበላል። በሩ ላይ መቅጃ ያለው ሁሉ መስመር ይቀበላል ማለት አይደለም። ውስጡ በእጅ የሚሞላ ታንክ ብቻ ያለው አለ፤ ለእሱ ቱቦ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቀጥሎ ግፊት። አብዛኞቹ ፍሪጆች ከ20 እስከ 120 ፒኤስአይ፣ ማለትም በግምት ከ1.4 እስከ 8.3 ባር ይፈልጋሉ፤ የእርስዎ ፍሪጅ ልክ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ሩቢኔት ላይ የሚጠመድ ርካሽ የግፊት መለኪያ አለ፤ በእሱ ይለኩ። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ምንም ውሃ ሳይከፈት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሩቢኔት ተከፍቶ ይለኩ። ውሃው ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ መለኪያም ሳይገዙ ማስላት ይችላሉ፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ያህል ብቻ ነው። ታንከሩ ከፍሪጁ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያለዎት 0.4 ባር ነው። 1.4 ባር ለማግኘት 14 ሜትር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቤት ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ሳይገባለት ፍሪጁን ማገናኘት አልመክርም።

ምክንያቱ ውሃው ቀስ ብሎ መቅዳቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ ባልሰጠ። ፍሪጁ ጀርባ ላይ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ አጥብቆ የሚዘጋው በራሱ በውሃው ግፊት እየተደገፈ ነው። ግፊቱ ሲደክም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው ወደ በረዶ መሥሪያው በሚገባው ቱቦ አፍ ላይ እየረጋ ይደፍነዋል፤ ወይም ቅርጽ ማውጫውን ሞልቶ ይፈስና በረዶው አንድ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ባለቤቱም ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ባለሙያ ይጠራል፤ ጥፋቱ ግን የፍሪጁ አይደለም። በተቃራኒው ግፊቱ ከመመሪያው ጣሪያ ካለፈ ግፊት መቀነሻ ይግባለት።

አሁን ወደ መቀጠያው። ቀላሉ ቦታ የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ ነው። ሙቅ ውሃ ለፍሪጅ አይሆንም፤ ሁለቱ ቫልቮች አጠገብ ለአጠገብ ስለሚሆኑ በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ። ቧንቧውን በመርፌ በስተው የሚጠመዱ ቫልቮች ይሸጣሉ፤ ውሃ ሳይዘጋ፣ ቧንቧ ሳይቆረጥ ስለሚገቡ ያጓጓሉ። አይግዟቸው። የሚበሱት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ በደለል ይደፈናል፣ ጎሚኒያቸው ሲደርቅ ያፈሳሉ፣ አንዳንድ የቧንቧ ሥራ ደንቦችም ይከለክሏቸዋል። የሚያስፈልግዎ የራሱ መዝጊያ ያለው ቲ ነው፤ ሁለቱ አፎቹ ከቫልቩና ከሩቢኔቱ ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ጋር የሚገጥሙ፣ ሦስተኛው አፉ ደግሞ ሩብ ኢንች የሆነ። ከመግዛትዎ በፊት የነባሩን ቫልቭ ጥርስ ልክ ያረጋግጡ፤ በየቤቱ ይለያያል።

ቫልቩን ይዝጉ፣ ሩቢኔቱን ከፍተው የቀረውን ውሃ ያስወጡ፣ ከሥር ባልዲ ያስቀምጡ። ፍሌክሲብሉን ፈተው ቲውን ቫልቩ ላይ ይግጠሙ፤ ፍሌክሲብሉን ከቲው ላይ ይመልሱ። ጎሚኒ ያለበት መጋጠሚያ ቴፍሎን አያስፈልገውም፤ የሚያትመው ጎሚኒው ነው። ቴፍሎን የሚጠመጠመው ጥርሱ ራሱ በሚያትምበት መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው። አሮጌው ጎሚኒ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ አሁኑኑ ይቀየር።

ለቱቦው ምርጫዬ በብረት ሽቦ የተሸመነው ባለ ሩብ ኢንች ፍሌክሲብል ነው። ነጩ ፕላስቲክ ቱቦ ርካሽ ነው፣ ረጅም ርቀትም ይሄዳል፤ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ፍሪጁ ሲንቀሳቀስም ጎማው ይጨፈልቀዋል። መዳብ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም አንዴ ከተጣመመ ቀዳዳው ይጠባል። የትኛውንም ይምረጡ፣ አዲስ ይሁን፤ ከድሮው ፍሪጅ የተረፈ ቱቦ አይመለስ። ርዝመቱን ሲለኩ ፍሪጁ ጀርባ የሚጠቀለል 2 ሜትር ያህል ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ፍሪጁን ለጽዳት በሳቡት ቁጥር መጋጠሚያው ይጎተታል።

ፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ አቆራረጡ ወሳኝ ነው። በመቀስ የተቆረጠ ቱቦ አፉ ይደፈጠጣል፤ በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት። መጀመሪያ ዳዶውን፣ ቀጥሎ የነሐስ ቀለበቱን ያጥልቁ፤ ከዚያ ቱቦው አፍ ውስጥ ትንሿን ማስገቢያ ይክተቱ። ይህች ማስገቢያ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ እሷ ከሌለች ቀለበቱ ቱቦውን ይጨመድደዋል እንጂ አይነክሰውም፣ ቱቦውም አንድ ሌሊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ዳዶውን በእጅ እስኪጠብቅ ያዙሩ፣ ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ዙር። ካንጠባጠበ ሩብ ዙር ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ቀለበቱን ይጎዳል፣ ማፍሰሱም ይብሳል።

ከፍሪጁ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት የቱቦውን ነፃ ጫፍ ባልዲ ውስጥ ይዘው ቫልቩን ይክፈቱና ከ5 እስከ 10 ሊትር ያህል ያፍስሱ። አዲስ መስመር ውስጥ የብረት ብናኝና የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ይኖራል፤ ያ ቆሻሻ ሶሌኖይዱ ውስጥ ከገባ ቫልቩ አይዘጋም። ከዚያ ፍሪጁ ላይ ሲገጥሙ ዳዶውን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያዙሩ፤ ከከበደዎ ጥርሱ ጠማማ ገብቷልና ፈተው እንደገና ይጀምሩ። በመፍቻ ሲያጠብቁ የፍሪጁን መግቢያ በሌላ መፍቻ ይያዙ፤ አለበለዚያ ከሥሩ ይዞርና ይሰበራል።

ውሃውን ከፍተው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይጠቅልሉ። እጅ የማይለየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በማግስቱ ይዩት፤ እስከዚያ ፍሪጁን ወደ ግድግዳው አይግፉት። ጎርፍ ሆኖ የሚፈስ ውሃ ወዲያው ይታያል፤ ወለል የሚያበሰብሰው በቀን ጥቂት ጠብታ የሚያወርደው ነው።

ፍሪጁን ወደ ቦታው ሲመልሱ ቱቦው በሰፊው ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ፣ ጎማው ሥር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። የውስጥ ፊልተር ካለው ከ10 እስከ 15 ሊትር ያህል ቀድተው ይድፉ፤ መጀመሪያ አየሩ እየተነፈሰ፣ የከሰል ብናኝም እየወጣ ይመጣል። በረዶ መሥሪያውን ከዚህ በኋላ ብቻ ያብሩት፤ ውሃ ሳያገኝ መሥራት ቫልቩን ይጎዳል። የመጀመሪያው በረዶ እስኪወጣ አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን በረዶ ይድፉት።

ከዚያ በኋላ ውሃው በድንገት ከቀነሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታጠፈ ቱቦ ነው፣ ቀጥሎ ያረጀ ፊልተር። ፊልተሩ በየ6 ወሩ ይቀየራል። ፊልተሩን አውጥተው በቦታው በሚገባው መዝጊያ ክዳን ሲሞክሩ ውሃው ከበረታ ነገሩ ተገኝቷል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ አብዛኛው የፍሪጅ ፊልተር የክሎሪን ጣዕምና ሽታ ይቀንሳል እንጂ ጀርም አይገድልም፤ ሳይፈላ የማይጠጣ ውሃ በፍሪጅ ስላለፈ አይጸዳም።

ለቀናት ከቤት ሲርቁ የቲውን መዝጊያ ይዝጉ፤ በረዶ መሥሪያውንም አብረው ያጥፉት።