ምልክቱን መጨረሻ ላይ ማየት፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፖርሴሊን አመረማመር

የእንግሊዝ ፖርሴሊን (ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ሸክላ) ሰሃን ወይም የሻይ በራድ ለሙዚየም ምዝገባ ሲቀርብልኝ ከሥሩ ያለውን ምልክት የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ምልክት ማንም ይሥለዋል፤ ጭቃውን መኮረጅ ነው የሚከብደው። እ.ኤ.አ. በ1845 ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመው ሳምሶን የተባለ አምራች የቼልሲን፣ የለንደኑን ፋብሪካ፣ የወርቃማ መልሕቅ ምልክት አሳምሮ ሥሏል፤ ዕቃው ግን በአብዛኛው ጠንካራ የሚባለው (በከፍተኛ ሙቀት የሚተኮሰው) ፖርሴሊን ነው፣ የቼልሲው ደግሞ ለስላሳ የሚባለው (ዝቅ ባለ ሙቀት የሚተኮሰው)።

ጠረጴዛው ላይ ስፖንጅ አነጥፌ ክዳኑን ለብቻው አስቀምጣለሁ። በእጀታው ይዤ አላነሣም፤ ድሮ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፣ የናይትሪል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ይሻላል።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሜ ከኋላው መብራት አበራበታለሁ። በ1751 የተመሠረተው የዉስተር ፋብሪካ ከጭቃው ጋር የሳሙና ድንጋይ (ለስላሳ የድንጋይ ዓይነት) ይቀላቅል ስለነበር ዕቃው ብርሃን ሲያልፍበት ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ካፍሊ የተባለው ሌላ ፋብሪካ ዕቃ ወደ ብርቱካናማ። (ፈላ ውሃ ሲገባበት የማይሰነጠቀውም በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው፤ ለበራድ ትልቅ ነገር ነበር።) የቼልሲ ቀይ መልሕቅ ዘመን፣ ከ1752 እስከ 1756፣ ሰሃኖች ውስጥ ሰብሳቢዎች ጨረቃ የሚሏቸው ደማቅ ክብ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው በአምፖሉ ነው፦ የመጻሕፍቱ ገለጻ የተጻፈው በድሮው ቢጫ አምፖል ሲሆን የስልክ መብራት ግን ሁሉንም ወደ ሰማያዊ ያደላ ያስመስለዋል። ስለዚህ ፋብሪካው የተረጋገጠ ሌላ ዕቃ አጠገቡ አድርጌ በአንድ መብራት አስተያያለሁ።

ከዚያ ሥሩን እገለብጣለሁ። በዉስተር ዕቃ ላይ አብረቅራቂው ቅብ ከመቀመጫው ቀለበት ውስጠኛ ጠርዝ ጥቂት ሸሽቶ ያቆማል። በቼልሲ ሰሃን ሥር እቶን ውስጥ የተደገፈባቸው ትናንሽ የጠባሳ ነጥቦች አሉ፤ በደርቢ ፋብሪካ ዕቃ ደግሞ ጠቆር ያሉ ሦስት ወይም አራት ክብ እድፎች።

ጥገናን በአልትራቫዮሌት መብራት እፈልጋለሁ፤ በኋላ የተቀባው ቀለም ብዙውን ጊዜ ከዋናው ለየት ብሎ ያበራል። የማያበራም ሙጫ ስላለ በጣት መዳሰስ አይቀርም፤ የተጠገነው ቦታ ሞቅና ለስለስ ይላል። ነጋዴዎች በጥርሳቸው ይፈትሻሉ፣ ሙዚየም ውስጥ ግን ነውር ነው። ይህ ሳይጣራ ውሃ አይነካውም፤ የድሮ ሙጫ ይለቃል፣ እድፉም ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል።

አሁን ምልክቱ። እውነተኛው ቀይ መልሕቅ በጣም ትንሽ ነው፤ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ መልሕቅ ያጠራጥራል። የዉስተርን ሰማያዊ የግማሽ ጨረቃ ምልክት የሎውስቶፍት ፋብሪካም ካፍሊም ተጠቅመውበታል፤ በመዝገቡ ላይ ምልክቱንና ፋብሪካውን በተለያየ ዓምድ የምጽፈው ለዚህ ነው።