ጋሼ ረዳት የሆኑ ቀን

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸው የተሰማው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከዚያ በፊት የጋራዣችን ግቢ በቪትዝና በኮሮላ የተሞላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ቢዋይዲና የቮልስዋገኑ አይዲ 4 መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ቀጥሎም አዘውትረው ብቅ ማለት ጀመሩ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ደንበኛ ተቀብዬ የሥራ ካርድ እሞላለሁ። ግን ከጠረጴዛዬ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ።

ዋናው መካኒካችን ጋሼ ናቸው። ሙያውን የያዙት በላዳና በኮሮላ ዲኤክስ ዘመን ነው። መኪናው ገና በሩ ላይ እያለ ድምፁን ሰምተው «ካንዴላ ነው»፣ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይላሉ። እኔም ደንበኛው ሳይወርድ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ሰው ከሩቅ ሰፈር ድረስ እኛ ጋ የሚመጣው የጋሼን ጆሮ ብሎ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ፊት ድምፅ የሌለው መኪና መጣ። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ትልቅ ሞባይል ነው» ይሉ ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግቢ ከገባ ምሳቸው ቀደም ይላል። ልጆቹ «ጋሼ ሰነፉ» እያሉ ያሟቸው ነበር። ስንፍና ግን አልነበረም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ «እኔ ማለት ይህ ነኝ» ያለው ነገር ሲነካበት የሚጨንቀው የእንጀራው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት ቱታውን ለብሶ ማን ሆኖ ይገባል?

አንድ ቀን አይዲ 4 ተጭኖ መጣ። ስክሪኑ ጨልሟል፣ ቁልፉን አይሰማም። ባለቤቱ ለጉዞ ወጥቶ መኪናው ቆሞ ነበር የከረመው። የሆነ ሰው «ዋናው ባትሪ ሞቷል» ብሎታል። ዋናው ባትሪ ማለት ከመኪናው ሁሉ ውዱ ነገር ነው። ሰውየው ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ የገባች፣ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሥልጠና የወሰደች ረዳት አለችን። ኮፈኑን ከፈተች። ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልወጡም። መጥተው ከጎኗ ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸውም እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። መካኒክ በእጁ ነው የሚያየው፣ ጓንት ያሳውራል ባይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጀመሪያ ቀለበትዎን ያውልቁ» አለች። «ብርቱካናማውን ገመድ ደግሞ እንዳይነኩብኝ። ከ300 ቮልት በላይ የሚሄድበት ነው።»

ግቢው ጸጥ አለ። ጋሼን እንዲህ ያላቸው ሰው አይተን አናውቅም። እሳቸው ጣታቸውን አዩ። ቀለበቱ ከጋብቻቸው ጀምሮ የወለቀ አይመስልም፤ ዳርና ዳሩ ላይ ግሪስ ተጋግሯል። ወደ ቧንቧው ሄዱ። እጃቸውን በኦሞ አሹ፣ አሹ፣ ቀለበቱን እያዞሩ ጎተቱ። ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ ነበር። ኪሳቸው ከትተው ተመለሱና «እሺ፣ አሳዪኝ» አሉ።

ልጅቷ ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ለካች። ደህናዋ 12.6 አካባቢ ታነባለች። ይቺ 9 እንኳ አልሞላችም። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በዚህች ትንሽ ባትሪ ጉልበት ነው አለች። ትንሿ ከደከመች ትልቁ ጢም ብሎ ቢሞላም መኪናው ሬሳ ነው።

«ቆይ!» አሉ ጋሼ። «ይሄማ ሪሌ ነው! ሪሌ እኮ ነው የምትነግሪኝ!»

«አዎ ጋሼ፣ ትልቅ ሪሌ።» ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ ነው፤ ጋሼ ከነዳጅ መኪና ያውቁታል።

ከሌላ 12 ቮልት ባትሪ በካቦ አገናኘች። ስክሪኑ በራ፤ ዋናው ባትሪ ከግማሽ በላይ ቻርጅ እንዳለው አሳየ። ባለቤቱ ግንባሩን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እኔን የነካኝ ከዚያ የሆነው ነው። ጋሼ ሁላችንም እየሰማን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ከዛሬ ጀምሮ በእነዚህ መኪኖች ላይ ዋናዋ አንቺ ነሽ፣ ረዳቱ እኔ ነኝ» አሏት። ጋራዥ ውስጥ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ረዳት ማለት መብራት የሚይዝ፣ ቁልፍ የሚያቀብል፣ የሚላክ ነው። እሳቸውም የምራቸውን ነበር፤ መብራት ያዙ። የሳቁም አልጠፉ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ አፍራ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ጋሼ ጆሯቸውን የጣሉት መስሎን ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት ደንበኛ ቢዋይዲዋን ይዛ መጣች፤ ፍጥነት ስትጨምር እምምም የሚል ድምፅ አለው። ኮምፒውተሩ ተሰካ፣ ምንም ብልሽት አላሳየም። ጋሼ ከኋላ ወንበር ገብተው አብረው ሞከሩ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ድምፁ ይጎላል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይቀንሳል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቱ የሚያርፈው ግራ ጎማ ላይ ነው። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ከባድ ነው፤ አይዲ 4 ብቻውን ሁለት ቪትዝ ያህል ይመዝናል። የእኛ መንገድ ተጨምሮበት እግራቸው ብዙ ይችላል።

ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ሞተሩ ይሸፍንብኝ ኖሯል» አሉ። «እሱ ዝም ሲል ሌላው ሁሉ ተሰማኝ።»

ድሮ ቢሆን «የግራ ፊት ኩሽኔታ ነው፣ ጻፍ!» ብለውኝ ያልፉ ነበር። ኩሽኔታ ማለት ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ነው። አሁን ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ለእኔ የግራ ፊት ኩሽኔታ ይመስለኛል። አንሥተሽ አሽከርክሪውና አረጋግጪልኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ።»

አነሣችው፣ ጎማውን በእጇ አሽከረከረች። ኩሽኔታው ነበር።

ያን ዕለት የሥራ ካርዱን ቀየርነው። የብልሽቱ ቦታ ሁለት መስመር ሆነ፦ «የሚገመተው» እና «የተረጋገጠው»። ለነዳጅ መኪናም በዚሁ ካርድ ነው የምንሠራው። ሁለተኛውን መስመር ሳልሞላው ካለፍኩ መልሰው የሚያመጡልኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው።