ከመጨረሻው በፊት ያለው ዘፈን

ዛሬ ማታ ሲያትል ይዘንባል። ከሥራ ገብቼ ሻይ አፈላሁና የማክለሞርና የራያን ሉዊስን አልበም፣ ዘ ሃይስትን፣ ከመጀመሪያው ከፈትኩት። አስራ አምስቱንም ዘፈን ሳልዘል ከሰማሁ ቆይቷል።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2012 ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ገና አምስት ወሬ ነበር። መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ካሸር ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራ የአስመራ ልጅ በመኪናው ቤቴ ያደርሰኝ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ሌላ ሙዚቃ የለም።

በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ የሚዘፍነው ሦስተኛውን ዘፈን ነበር። ዘፈኑ ስለ ሰልባጅ ነው። ሰውዬው በኪሱ 20 ዶላር ይዞ ሰልባጅ ቤት ይገባል፤ የሰው አሮጌ ልብስ መርጦ ይለብሳል፤ ይኮራበታል። የአስመራው ልጅ ሲተረጉምልኝ በጣም ነበር የገረመኝ። ደሴ ሳድግ እናቴ ከሰልባጅ የገዛችልኝን ቀይ ሹራብ ለጓደኞቼ “አክስቴ ከአረብ አገር ላከችልኝ” እያልኩ ነው የለበስኩት። ያን ቀን የለበስኩት ጃኬትም በ8 ዶላር ከሰልባጅ ቤት የተገዛ ነበር።

አልበሙን የሠሩት ሁለት ናቸው። ማክለሞር ራፕ ያደርጋል፣ ራያን ሉዊስ ያቀናብራል። በትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ሥር አልገቡም። ለአከፋፋይ ከፍለው ሲዲውን ሱቅ አደረሱ፤ አልበሙ ግን የራሳቸው ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት 78,000 ቅጂ ተሸጦ በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ 200 ሁለተኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የምርጥ ራፕ አልበም ግራሚን ወሰደ። ማክለሞር ራሱ ሽልማቱ ለራፐሩ ለኬንድሪክ ላማር ይገባ እንደነበር ጽፎለታል፤ እኔም የኬንድሪክ ይበልጣል ባይ ነኝ። ይሄኛው ግን የምኖርበት ከተማ አልበም ነው። ማክለሞር የተማረበት ጋርፊልድ ሃይስኩል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከቼሪ ጎዳና አጠገብ ነው። እንጀራ ልገዛ ስሄድ በበሩ ነው የማልፈው።

እኔን የያዘኝ ግን አስራ አራተኛው ነው። “እንደገና መጀመር” እንደማለት ነው ርዕሱ።

ማክለሞር ከሱስ ወጥቶ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ይህንንም ዘፍኖበታል፣ ሰው ሁሉ አውቆለታል። ከዚያ ተመልሶ ወደቀ። በዚህ ዘፈን ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎች ስብሰባ ላይ ይሄዳል። አንዲት ልጅ መጥታ የድሮ ዘፈኑ እንዳዳናት ትነግረዋለች። ከተወች 9 ወሯ ነው፤ እንባዋ ቀርቧል። እሱ 48 ሰዓት እንኳን በቅጡ አልሞላውም። ሊነግራት ይፈልጋል፣ አቃተው። እጇን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

ታናሽ ወንድሜ ይጠጣ ነበር። ይተዋል፣ ይጀምራል፣ ይተዋል። እኔ ልመጣ ስል በማተቡ ምሎልኝ ነበር። እናቴ ደውላ “ደግሞ ጀመረ” ስትለኝ የእሱን ስልክ ማንሳት አቆምኩ። አራት ወር ሙሉ። ሲደውል ስሙን አያለሁ፣ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ።

አንድ ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንብኝ ግጥሙን ከስልኬ እያነበብኩ ያን ዘፈን ሰማሁት። መውጫው ላይ አንድ መኪና ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። ለቅሶዬን ዋጥ አድርጌ ከፈትኩለት።

ሲነጋ የስልክ ካርድ ገዝቼ ለወንድሜ ደወልኩለት።

“አቤት እታለም” አለኝ። ማፈሩ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ዘፈኑን ነገርኩት፤ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ 48 ሰዓቱ።

“ታዲያ አልነገራትም?”

“አልነገራትም። በኋላ በዘፈን ነው ለሁሉም ሰው የነገረው።”

ዝም አለ። ከጀርባው የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል።

“እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጅቷ ከመጣችበት ጀምረሽ” አለኝ።

ካርዱ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ደገምኩለት።