ዘፋኙ ያልዘፈነበት ጭውውት

ለበጉ ጭውውት መጀመሪያ የሰጠሁት ነጥብ ከ10 አራት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰርዤ ስምንት አደረግሁት። ዳኛ በአንድ ሌሊት ነጥቡን በእጥፍ ከቀየረ ወይ ማታ ተሳስቷል፣ ወይ ጠዋት። እኔ የተሳሳትኩት ማታ ነው። ዘፋኝ የሚመራው የጭውውት ዝግጅት ለመዳኘት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ሊስተው የሚችል ነገር ስለሆነ እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ነገሩ ባለፈው ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን ነው። የከተማችን ወጣቶች የኪነት ቡድን አቋቁመው ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ የጭውውት ዝግጅት አሳዩ። በየሳምንቱ አንድ እንግዳ አዘጋጅ ይጋብዛሉ፤ እንግዳው መድረኩን ይመራል፣ በየጭውውቱም እየገባ ይተውናል። በሁለተኛው ቅዳሜ የተጋበዘው ከምንጃር እስከ መሐል ሜዳ ለሰርግ የሚጠራ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። ዳኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር። ጋሼ ነው የምንላቸው።

ልጆቹ አሠራሩን የወሰዱት ከአሜሪካው የቴሌቪዥን የጭውውት ዝግጅት፣ ከሳተርዴይ ናይት ላይቭ መሆኑን አልደበቁም። ስለዚህ ዳኝነቱን እሺ ካልኩ በኋላ ዘፋኞች የመሯቸውን የዚያን ዝግጅት ክፍሎች እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ። ዝግጅቱ ከኒውዮርክ በኤንቢሲ ጣቢያ መተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 5፡30 ላይ በቀጥታ ይተላለፋል፤ እኛ ዘንድ ያኔ እሑድ ነግቷል። ሰኞ ሐሳብ ይሰበሰባል፣ ማክሰኞ ሲጻፍ ይታደራል፣ ረቡዕ ወደ 40 የሚጠጋ ጭውውት በጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ተመልካች ባለበት የመጨረሻው ልምምድ ይደረግና ያልሠመረው ይጣላል። እንግዳው በዚህ ሁሉ መሀል አለ።

ሁለት ክፍሎች ልቤ ውስጥ ቀሩ። አንደኛው ፖል ሳይመን የመራው ነው፤ ዝግጅቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የተላለፈ። አብዛኛው ሰዓት በዘፈን አልቆ ለኮሜዲያኑ የተረፋቸው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ስቲቪ ዎንደር እ.ኤ.አ. በ1983 የመራው ነው። እዚያ ውስጥ ስቲቪ ዎንደር የሚጫወተው ስቲቪ ዎንደርን አስመስሎ መዝፈን የሚፈልግ፣ ግን የማይችል ሰው ሆኖ ነው፤ የዝግጅቱ ኮሜዲያን ኤዲ መርፊ እንዴት እንደሚዘፈን ያሳየዋል፣ ሰውየው ግን አይሆንለትም። ያን ድምፅ ይዞ መጥቶ፣ ለጭውውቱ ሲል ድምፁን አሳልፎ መስጠት! ያን ካየሁ በኋላ የኛን ማሲንቆ ተጫዋች በምን እንደምለካው የገባኝ መሰለኝ።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። «ልጄ፣ አዝማሪ እኮ ድሮም ቀልደኛ ነው» አሉኝ። «ሰው ‹ተቀበል!› ሲለው የሚያዜመው የሰውየውን ግጥም ነው፣ የራሱን አይደለም። መቀበል የሚያውቅ ከሆነ መተወን አያቅተውም። ልጁ ይቀበላል ወይስ ይዘፍናል? እሱን እይው።» ወረቀቴ ላይ ከነጥብ መስጫው በላይ «ይቀበላል?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መለኪያ አላስፈለገኝም።

ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ብርዱን የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ በኅዳር ጠዋት ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል። ጋቢ ያልደረበ ሰው አልነበረም። ልጁ ማሲንቆውን ይዞ ሲወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በመክፈቻ ንግግሩ ቦታ ዘፈነ፤ ደጋገመ። እኔም አጨበጨብኩ። ሰባት ሰጠሁት።

ሁለተኛው የእድር ስብሰባ ነበር። የተቀደደውን ድንኳን ማን ያሰፋው በሚል አባላቱ ሲጨቃጨቁ፣ ልጁ ጸሐፊ ሆኖ የቅጣት መዝገብ ያነባል። ንግግሩ በካርቶን ላይ ተጽፎ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተይዞለታል፤ በአሜሪካም እንዲሁ በካርድ ነው የሚሠሩት። ግን ዓይኑን ከካርቶኑ ላይ መንቀል አልቻለም፤ ሊቀመንበሩ ሲቆጡት እንኳ የሚያየው ካርቶኑን ነው። ሦስተኛው ላይ ግን የታክሲ ረዳት ሆነ፤ እዚህ ላይ ነው ዘፋኝ ለጭውውት ምን እንደሚያመጣ ያየሁት። «ደብረ ሲና! ሸዋ ሮቢት! ያለቀ፣ የሞላ!» ሲል ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ ያውቃል። አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ሞላ ትላለህ፣ ሰው የታለ?» ስትለው ወዲያው አልመለሰላትም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጥሮ «እርስዎ ከገቡ ሞላ!» አላት። እነዚያ ሦስት ምቶች በትምህርት የሚገኙ አይመስለኝም፤ የማሲንቆው ናቸው።

የሽማግሌዎቹ ጭውውት ላይ ሳልቆጭ አልቀርም። ልጅ ሊያጩ የመጡት ሽማግሌዎች ቤት ተሳስተው ጎረቤት ይገባሉ፤ ጎረቤቱ ደግሞ እዳ ሊጠይቁት የመጡ መስሎታል። ግሩም አጀማመር ነው። መውጫ አጡለትና ግን ልጁ ማሲንቆውን አንስቶ ሁሉም እስክስታ ወረዱ። አዳራሹ በእልልታ አበደ፤ እኔም ስምንት ሰጠሁ። ዛሬ በዚህ ነገር አልደራደርም፦ ማብቂያ ያጣ ጭውውት በዘፈን ሲዘጋ ታዳሚው ዘፈኑን ነው የሚያጨበጭብለት። ደራሲው ደግሞ ያልጨረሰውን የጨረሰ ይመስለውና በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ያደርጋል።

በጉ የመጣው በመጨረሻ ነው። ሰዓቱ ገፍቷል፣ ከኋላ ሰው መውጣት ጀምሯል፣ የኔም እግር ደንዝዟል። ጭውውቱ ጸጥ ያለ ሆነብኝ፤ ሳቅም እምብዛም አልሰማሁ። አራት ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን አጠፍኩ።

ጋሼ ስምንት ሰጥተው ነበር።

ከአዳራሹ ስንወጣ «ምን አይተው ነው?» አልኳቸው። «አንቺ ምን አላየሽም?» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቡድኑ ዝግጅቱን በስልክ ቀርጾት ስለነበር እሑድ በማለዳ አስልኬ፣ ሻይ አፍልቼ፣ የመጨረሻውን ጭውውት መጀመሪያ ከፈትኩት።

አባት በግ ሊሸጥ ገበያ ወጥቷል። በጉ ጥቁር ባና የለበሰ ልጅ ነው። ዘፋኙ ገመዱን የያዘው ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም። ገዢ ይመጣል፣ የበጉን ጥርስ ያያል፣ ላቱን ጨበጥ ያደርጋል፣ ከአባትየው ጋር ዋጋ ይቆርጣል። ብሩ ተቆጥሮ ገዢው ገመዱን ሲስብ በጉም ይሄዳል፣ ልጁም አብሮ ይሄዳል። አባት ይመልሰዋል። ገዢው እንደገና ይስባል፣ ልጁ እንደገና። በሦስተኛው ሦስቱም ከመድረክ ይወጣሉ፤ አባትየው ብሩን እንደያዘ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ገዢው ተመልሶ መጥቶ «ልጁንም ሸጠኸዋል እንዴ?» ይላል። ማታ ያን የመጨረሻ ንግግር አልሰማሁትም፤ ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ነበር።

ድምፁን ዘግቼ ደገምኩት። የልጁ አውራ ጣት ገመዱ ላይ ነው። አባቱ ዋጋ ባወረደ ቁጥር ጣቱ ገመዱን አንድ ዙር ይጠመጥማል። ዓይኑ ካርቶን አልፈለገም፤ አባቱን ሲያይ፣ በጉን ሲያይ፣ አባቱን ሲያይ ነው። ያ ሁሉ ሰው ድምፁን ሊሰማ የመጣለት ልጅ ድምፁን ትቶ ሌሎቹን ተቀበለ። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ መልሱ እዚህ ነበር፤ እኔ ግን ሳቅ እየቆጠርኩ አለፍኩት።

ከዚያ የቀሩትን ሁሉ በዚሁ መንገድ ሄድኩባቸው፤ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ስልኩን ደፍቼ በድምፅ ብቻ። መክፈቻው ያለ ድምፅ ሲታይ ከዘፋኙ ኋላ አምስት ተዋንያን እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ የሚሠሩት የላቸውም። ከሰባት ወደ አምስት አወረድኩት። ሽማግሌዎቹ ወደ ስድስት ወረዱ። ረዳቱ በድምፅ ብቻ ሲሰማ ከማታውም በለጠ፤ ዘጠኝ።

አሜሪካኖቹም ዘንድ ወደ ማብቂያው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሚገባ ጭውውት የራሱ ስም አለው፤ ለየት ያለውና ለሁሉም የማይጥመው ሥራ እዚያ ይቀመጣል። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር። ሆኖም ራሴ አዳራሹ ውስጥ በብርድ ስቀመጥ የቦታውን ጥፋት በጭውውቱ ላይ ጫንኩት። አሁን የማደርገው ቢኖር የመጨረሻውን ሥራ በዚያው ሌሊት ነጥብ አለመስጠት ነው።

ከጋሼ ጋር አንድ ነገር ላይ ገና አልተስማማንም። እሳቸው መንዝ ውስጥ በግ ሲጠብቁ ነው ያደጉት። «የሰጡት ስምንት ለጭውውቱ ነው ወይስ ለልጅነትዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «የያዝኩትን ገመድ አባቴ ከእጄ ሲፈቱ ትዝ ብሎኛል። እሱን ትቼ ልዳኝ ብል ያየሁትን ግማሹን ነው የምዳኘው» አሉ። ዳኛ የራሱን ትዝታ ከነጥቡ ማውጣት አለበት ብዬ አምን ነበር። አሁን እንደዚያ በሙሉ አፌ አልናገርም።

የበጉን ጭውውት የጻፈችው ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰው ሲወጣ አይታ ማታውኑ አልቅሳ እንደነበር ጓደኞቿ ነገሩኝ። ሰኞ አስተያየቴን ስሰጣቸው አራቱንም ስምንቱንም አሳየኋት፤ ለምን እንደቀየርኩም ከነምክንያቱ ነገርኳት። ለቡድኑ ደግሞ በጉን ከረዳቱ ቀጥሎ አድርጉት፣ ሽማግሌዎቹን መውጫ እስክታገኙላቸው አቆዩአቸው አልኩ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር። «መክፈቻው ላይ አንድ ግጥም ብቻ ይበቃኛል» አለ፤ «የቀረውን እነሱ ያቀብሉኝ፣ እኔ እቀበላለሁ።» በሚቀጥለው ወር ደብረ ሲና ወርደው ሊያሳዩ ነው። ልጅቷ ከበጉ ጥርስ በፊት ገዢው ጆሮውን ቢያይስ እያለች ስትጽፍ ትቻት ወጣሁ።