ከአፕግሬድ በኋላ ትሬዶቹ የት ተቀረቀሩ?

የዌብ ሰርቨራችንን አፓቼን ስናሻሽል፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፕሮሰስ የሚመድበውን ፕሪፎርክን ትተን፣ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ የሥራ መስመር) ወደሚያሠራው ኢቨንት ገባን። የገጾቹን ኮድ የሚያስኬደው ፒኤችፒም ከአፓቼ ሆድ ወጥቶ፣ ኤፍፒኤም በሚባል የራሱ ፕሮሰስ አስተዳዳሪ ለብቻው እንዲሠራ ተደረገ። ሌሊቱን ሁሉ ሰላም ነበር። ጠዋት ሰው መግባት ሲጀምር ግን ገጹ መሽከርከር ብቻ ሆነ።

የሚገርመው ሲፒዩው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ሲፒዩ ሥራ ፈትቶ ገጽ ከዘገየ ደግሞ የሆነ ቦታ ወረፋ አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የከፈትኩት እያንዳንዱ ትሬድ ምን እያደረገ እንደሆነ በፊደል የሚያሳየውን የአፓቼን የሰርቨር ስታተስ ገጽ ነው። ከዳር እስከ ዳር «ደብልዩ» ብቻ። ደብልዩ ትሬዱ መልስ እየላከ ነው የሚል ምልክት ነው፤ ፒኤችፒን እየጠበቀ የተገተረውም ግን እዚያው ይቆጠራል።

የአፓቼ ኤረር ሎግ (የስህተት መዝገቡ) «ማክስ ሪኩዌስት ወርከርስ ሞልቷል፣ ከፍ አድርጉት» ይላል፤ በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱ ጥያቄዎች ጣሪያ ማለት ነው። ባልደረባዬ 800 አደረገው። ምንም! ሎጉን ዝቅ ብለን ስናነብ፣ ለ800 32 ፕሮሰስ ያስፈልጋል፣ ሰርቨር ሊሚት (የፕሮሰሶች ቁጥር ጣሪያ) ግን 16 ነው፣ ስለዚህ ወደ 400 አውርጄዋለሁ ይላል። አንድ ፕሮሰስ በነባሪ 25 ትሬድ ነው የሚይዘው፤ 25 በ16፣ 400። ሰርቨር ሊሚትን 32 አድርገን ሪስታርት አልነው፣ ወይ ፍንክች። ይቺ ቅንብር በሪስታርት አትለወጥም፣ ጭራሽ አጥፍቶ ማስነሳት ይጠይቃል። (ዶክመንቴሽኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ሰርቨር እየነደደ ማን ያነባል እንጂ።) አጥፍተን ስናስነሳው 800 ሆነ፤ የረዘመው ግን ወረፋው ብቻ ነው።

ጉዱ ያለው ኤፍፒኤም ሎግ ላይ ነበር። ማክስ ቺልድረን (ኤፍፒኤም የሚያስነሳቸው የፒኤችፒ ፕሮሰሶች ጣሪያ) 5! ከፓኬጁ ጋር የመጣ ቁጥር ነው። በር ላይ 400 ሰው እያስገባን ውስጥ ያሉት አስተናጋጆች አምስት ነበሩ።

ቁጥሩን በግምት አላሳደግኩትም። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አንዱ ቻይልድ የሚይዘውን ሚሞሪ አየሁ፣ ወደ 60 ሜጋባይት ነው። ለፒኤችፒ ልለቅለት የምችለው 2 ጊጋባይት ስለሆነ 30 ላይ አቆምኩ። ማይኤስኪውኤል በነባሪ 151 ኮኔክሽን ስለሚቀበል ዳታቤዙ አያሳስብም። አፓቼንም ወደ 400 መለስኩት። ደብልዩዎቹ ሳሱ።

አልፎ አልፎ የሚንቀራፈፍ ገጽ ስለቀረ የኤፍፒኤምን ስሎውሎግ በ5 ሰከንድ አበራሁ። ከዚያ በላይ የቆየው ጥያቄ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። አብዛኛው የውጭ ኤፒአይ (ሌላ ቦታ ያለ አገልግሎት) የሚጠራ አንድ ፈንክሽን ላይ ነው የቆመው፣ ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) የሚባል ነገር የለውም። ኮዱ ድሮም ነበረ፤ ፕሪፎርክ በነባሪ እስከ 256 ፕሮሰስ ስለሚያስነሳ አንዱ ሲቆም ሌላው እየተካው ሳይታይ ኖረ። አሁን 3 ሰከንድ ሰጥተነዋል፣ መልስ ካልመጣ ገጹ ያለሱ ይከፈታል።