ጎማ መፍታት፦ ብቁ

መጋቢት 2010 ዓ.ም. ነው። ቄራ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበርኩ። ማታውኑ መቂ ወርዶ ሽንኩርት መጫን ያለበት አይሱዙ፣ የኋላ የፍሬን ሸራው አልቆ ከሰዓት በኋላ ገባልን። እኔ የሌላ መኪና ሞተር ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ስለነበር ቀና እንኳ ሳልል «የግራውን የኋላ ጎማ ፍቺልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ያዘዝኳት ከአንድ ኮሌጅ ለትብብር ስልጠና የተላከችልን የ17 ዓመት ልጅ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብሎን ሲበጠስ የሚሰጠው ድምፅ ዕድሜውን ጋራዥ ለጨረሰ ሰው አይጠፋውም። ሁለተኛው «ቋ!» ሲከተል የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። ልጅቷ የጎማ መፍቻው ጫፍ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክታ፣ ሁለት እግሯን ቱቦው ላይ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ እየረገጠች ነው። ሁለት የጎማ ብሎኖች ተበጥሰው ዳዷቸውን እንደታቀፉ መሬት ላይ ወድቀዋል።

«ጋሼ፣ ዝጎ ነው መሰለኝ፣ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

አልዛገም። እያጠበቀችው ነበር።

በዚያን ጊዜ እኛ ጋ የሚገቡት አይሱዙዎች የግራ ጎን የጎማ ብሎናቸው ጥርሱ የተገለበጠ ነው። ቀኝ ጎን እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፤ ግራው ጎን ግን የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። እንዲያው ለማስቸገር የተሠራ አይደለም። መኪናው ወደፊት ሲሄድ የጎማው ዙረት በግራ ጎን ያለን መደበኛ ዳዶ ቀስ በቀስ ሊያላላው ስለሚችል ነው ጥርሱን የገለበጡት። ብሎኑ አናት ላይ «ኤል» የምትል ፊደል ተቀርጻለች፤ በግራሶና በአቧራ ተሸፍና ስለምትኖር ግን የሚያውቅ ሰው ካላሳየህ አታያትም። ጨርቅ ናፍጣ ነክሬ አንዱን ጠርጌ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ፊደሏን በጣቷ ዳሰሰች። ምንም አልተናገረችም።

ሾፌሩ እየተንደረደረ መጣ። «ሴት ልጅን ጎማ ፍቺ ያላት ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ከሴትነቷ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ማንም ጎረምሳ ቢሆን ሳይነገረው ቱቦ ሰክቶ ቢረግጥ ያው ይበጥሰዋል።

ልጅቷን ወደ ቤቷ ሸኝተን፣ ታምቡሩን አውርደን፣ የተበጠሱትን በመዶሻ አስወጥተን፣ አዲስ አስገዝተን ስንገጥም ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆነ። የሾፌሩ የሽንኩርት ጭነት ለሌላ መኪና ተሰጠ። ባለቤቱ የብሎኑን ዋጋ ከደመወዜ እንደሚቆርጥ ነገረኝ፤ አልተከራከርኩም።

እጄን ታጥቤ ቢሮ ስገባ የልጅቷ የስልጠና መዝገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ገለጥኩት። «ጎማ መፍታትና መግጠም» ከሚለው ትይዩ «ብቁ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ። ከጎኑ የእኔ ፊርማ። ቀኑ ከሦስት ሳምንት በፊት። ከሥሩ «የፍሬን ሸራ መቀየር»፣ ብቁ። «ኩሽኔታ ግራሶ ማድረግ»፣ ብቁ። አሥራ አንድ መስመር፣ አሥራ አንድ ፊርማ፣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ። ትዝ አለኝ። አርብ ከሰዓት ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ ነው የፈረምኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጅቷ የሠራችው ግቢ መጥረግ፣ ቁልፍ ማቀበል፣ መለዋወጫ ሱቅ መላላክና ለሠራተኛው ቡና ማፍላት ነበር። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት ይከለክላል፤ እኛ ግን «ሰልጣኝ ናት» እያልን ስንት ቀን አስመሽተናታል።

በማግስቱ ጠዋት ለብቻዋ ጠራኋት።

«ይሄን ፈርሜ ስሰጥሽ ‹ገና አላሳያችሁኝም› ለምን አላልሽኝም?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ችላለች ብለው ከፈረሙ በኋላ አልችልም ብል ማን ያምነኛል?» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ደግሞ ካልተፈረመልኝ ምዘና አልቀርብም» ብላ ጨመረች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው አንድ ነገር ያሰብኩት። በዚህ ስልጠና ውስጥ ኮሌጁና ጋራዡ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል፤ ማኅተሙ አለ፣ ፎቶውም ተነስቷል። ልጅቷን ኮሌጅ የሚያስተምራት ሰውና ጋራዥ የሚያሠራት ሰው ግን ተያይተው አያውቁም። የትብብር ስልጠና ያኔ በቴክኒክና ሙያ አዋጅ ቁጥር 954/2008 የተቀመጠ ጉዳይ ነበር፤ ሲነገረንም 70 ከመቶው የሚሆነው ትምህርት በድርጅት፣ ቀሪው በኮሌጅ እንደሚሰጥ ነው። ያ 70 ከመቶ ማለት እኮ እኔ ነኝ! እኔ ደግሞ ልጅ የማስተማር ግዴታ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ጠይቄም አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ኮሌጁ ድረስ ሄድኩ። የአውቶሞቲቩ አሰልጣኝ ወጣት ነው፤ ወርክሾፑን አስጎበኘኝ። መሐሉ ላይ የተከፈተ የቶዮታ ሞተር በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል፣ ዙሪያውን ተማሪዎች ቆመዋል፣ ከኋላ ያሉት በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው ነው የሚያዩት። ዘይት የነካው ነገር የለም። አይሱዙማ ጭራሽ የለም።

«ልጆቹን የሚቀበለን ድርጅት ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው» አለኝ አሰልጣኙ። «እግዚአብሔር ይስጥልን ብለን እንመለሳለን እንጂ ምን አሠራችኋቸው ብለን ለመጠየቅ ድፍረቱ የለንም።»

እውነቱን ነው። እኛ ለኮሌጁ ውለታ እንደዋልን ነበር የምናስበው። አሠራሩ የተቀዳው ከጀርመኖች እንደሆነ ያጫወተኝ እሱ ነው። እዚያ ተለማማጁ ሳምንቱን ለትምህርት ቤትና ለድርጅት ከፍሎ ሦስት ዓመት ገደማ ይማራል፣ ድርጅቱም በየወሩ ይከፍለዋል። ከሁሉም የገረመኝ ግን ድርጅት ውስጥ ልጅ የሚያሰለጥን ሰው የማሰልጠን ችሎታውን ራሱ በፈተና ማረጋገጥ እንዳለበት ሲነግረኝ ነው። እኔን ማን ፈተነኝ? ሙያውን የተማርኩት ታይሚንግ በሚያስርበት ሰዓት ጀርባውን ከሚሰጠን አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይል ነበር፤ ለእሱ ትርጉሙ መደበቅ ነበር። በትከሻው ላይ አሻግሬ በዓይኔ እየሰረቅኩ አደግሁ። ሳላውቀው ያንኑ ጀርባ ለዚች ልጅ ሰጠኋት።

ከአሰልጣኙ ጋር ቁጭ ብለን መዝገቡን መስመር በመስመር አየነው። እኛ ጋራዥ በወር ውስጥ ሊገባ የማይችለውን ሥራ ለይተን ኮሌጁ እንዲይዘው ተስማማን፤ የኤሌክትሪክ መስመር መፈለግን የመሰለውን። ለቀረው ከ«ብቁ» ጎን በእጃችን ሦስት ቃል ጻፍን፦ አየች፣ ከሰው ጋር ሠራች፣ ብቻዋን ሠራች። ፊርማዬ የሚያርፈው ሦስተኛዋ ላይ ብቻ ሆነ። የፈረምኳቸውን አሥራ አንድ መስመሮችም እሱ ፊት ሰረዝኳቸው። አሰልጣኙ በበኩሉ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ጋራዥ ሊመጣ ቃል ገባ። ሁለት ረቡዕ ቀርቷል፣ ሌላውን መጥቷል።

ባለቤቱ መጀመሪያ አልወደደውም። «ደንበኛ ቆሞ ትምህርት ቤት ልትከፍትብኝ ነው?» አለኝ። ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ ብዬ ለመንኩት። ያቺ ግማሽ ሰዓት ለሌሎቹም መካኒኮች ተረፈች። ሥራቸውን እየሠሩ ምክንያቱን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ስጠይቃቸው አንዳንዱ መልስ አጣ፤ ዝም ብሎ የለመደውን ነበር የሚሠራው። ቡናውን ተራ በተራ ማፍላት ጀመርን።

ሰኔ ላይ ስልጠናው ሲያልቅ አንድ መስመር ባዶ ቀረ። «ካምቢዮ አውርዶ መግጠም» የሚለው። በእነዚያ ወራት ካምቢዮ የሚወርድለት ሥራ ሲመጣ ወይ ኮሌጅ ናት፣ ወይ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። አሰልጣኙ ደውሎ «ጋሼ፣ ምዘናው ደርሷል፣ ይቺን አንዷን ፈርመውባት ይለቁልን» አለኝ።

«አልፈርምም» አልኩት። «አልሠራችውም።»

«በአንድ መስመር ምክንያት ልትዘገይብን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ጥቂት ቀን ስጠኝ።»

ለልጅቷ ስነግራት አላዘነችም ብል እዋሻለሁ። ፊቷ ተለዋወጠ። ግን «እሺ» አለች፣ ቱታዋን አጥፋ በፌስታል ይዛ ሄደች።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ አርብ አመሻሽ ላይ አንድ ሃይሉክስ ተጎትቶ ገባ። ፍሪሲዮኑ አልቋል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ልጆቹ ወዲያው ሊጀምሩት ሲሉ «ማንም እንዳይነካው» ብዬ ስልኬን አነሳሁ። እናቷ ናት ያነሳችው። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትድረስልኝ፣ ሥራ መጥቶላታል» አልኳት።

በማግስቱ ከሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ስደርስ ጥበቃው ወደ ጉድጓዱ ጠቆመኝ። ቱታዋን ለብሳ፣ ከቤቷ ባትሪ ይዛ መጥታ ሃይሉክሱ ሥር ወርዳለች። መፍቻ አልያዘችም። ናፍጣ በነካ ጨርቅ የካምቢዮውን ብሎኖች አንድ በአንድ እየጠረገች አናት አናታቸውን ታያለች።