መጀመሪያ የሄዱብን ተማሪዎች አልነበሩም

የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በከተማችን ሲከፈት እኔ የአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ ምክትል ዲን ነበርኩ። ዕንቅልፍ የነሳኝ ተማሪ ነበር፤ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ግቢ አጠገብህ ተከፍቶ ማን ከፍሎ ይማራል? ቀድመው የሄዱብን ግን አሰልጣኞቹ ናቸው። ቋሚ ቅጥር፣ ጡረታ፣ ከዚያም ላይ ዲግሪ የማሻሻል ዕድል ሲያዩ ሁለት የአይሲቲና አንድ የአካውንቲንግ አሰልጣኝ በአንድ ሴሚስተር ለቀቁ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ማመልከቻ ጽፌ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ እኔንም ያስተማሩኝ ሰው፣ በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አገኙኝ።

«አንተም ተወሰደብህ?» አሉኝ።

«ሦስት፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«የፊዚክስ መምህሬን። ደግሞ ቤተ ሙከራውን ያቋቋመልኝ እሱ ነበር።»

የመጀመሪያው ስህተቴ ክፍያ መቀነስ ነበር። ነፃ ካለ ነገር ጋር በዋጋ መፎካከር ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ደመወዝ መክፈል ሲያቅተኝ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። «እነሱ ብረታ ብረት ካስተማሩ እኛስ?» ብዬ በብድር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ልጆቹ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሲቀርቡ ፊታቸው የቆመው ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖ ነበር፤ በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። የአንዷ አባት ቢሮዬ መጥተው ቁጭ አሉ፤ ምንም አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሱቆችን፣ ወፍጮ ቤቶችን፣ የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮን አዳረስኩ። «ምን የሚችል ሰው አጣችሁ?» ነበር ጥያቄዬ። መልሱ ተመሳሳይ ሆነብኝ፦ የሙያ ደረጃ 4 ይዞ የሚመጣው ልጅ የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ይከፍታል፣ 15 በመቶ ቫት ከደረሰኝ ላይ ለይቶ መመዝገብ ግን አይችልም። የካሽ ሬጅስተሩን ዜድ ሪፖርት፣ የቀኑን ድምር፣ ከሽያጩ ጋር አያስታርቅም፤ ዊዝሆልዲንግ፣ ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነሰው ግብር፣ ሲባል ግራ ይገባዋል። ብረታ ብረቱን ዘጋሁ። አካውንቲንጉን በማታና በቅዳሜ አደረግነው፤ ቀን ሱቅ የሚውል ሰው አዲሱ ኮሌጅ በመደበኛው ሰዓት አያገኘውም። መለማመጃ ያደረግነው ባለሱቆቹ በፌስታል ያመጡልንን እውነተኛ ደረሰኝ ነው።

አሰልጣኝ ከየት? እዚያው ከሄዱት። የአዲሱን ኮሌጅ ዲን ደጅ ጠንቼ፣ በትርፍ ሰዓታቸው ማታ እንዲያስተምሩልን የፈቃድ ደብዳቤ አጻፍኩ። ይህን በመጀመሪያው ወር ባደርገው ኖሮ ብድሩ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ነገር ግን ተቀይሜ ነበር፣ የተቀየመ ሰው ደግሞ ደጅ አይጠናም። ጋሼም በዚያው መንገድ የፊዚክስ መምህራቸውን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስመለሱ።

በከተማው ብዙ ሰው የግል ኮሌጆችን ያዳከመው አዲሱ ግቢ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። ፈተናው ሲቀር ተማሪው ሁሉ ወደ 11ኛ አለፈ፤ ከ10ኛ በኋላ ወደ ሙያ የሚመጣልን ልጅ ጠፋ። ያን ጊዜ አዲሱ ኮሌጅም እኛም በር በራችንን ስናይ ከረምን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ጠያቂ በዛ፤ ብዙዎቹ ግን የሪሜዲያሉን፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት፣ ስም ዝርዝር እየጠበቁ ፎርሙን ሳይሞሉ በእጃቸው ይዘው ይሄዱ ነበር።

የብየዳ ማሽኑን ከአዲሱ ኮሌጅ ተመርቀው በማኅበር ለተደራጁ ልጆች ሸጥኩት። ባለፈው ክረምት የግቢያችን በር ሲገነጠል ያበየዱልን በዚያው ማሽን ነው። ዋጋ አልቀነሱልንም።